የሰኞው ደንበኛ

እንደምን ዋልሽ እቴ? ዛሬስ አየሩ ደስ አይልም? ጠዋት ሲያኮርፍ ቆይቶ አሁን ምንም እንዳላደረገ ሰው ፈገግ ብሏል። ተይ አትነሺ፣ ወንበሩን እኔው እስበዋለሁ። ጉልበቴ እንደሆነ ስቀመጥም ይጮኻል፣ ስነሳም ይጮኻል። ይህ ጠረጴዛ ዛሬም ይወዛወዛል አይደል? ባለቤትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤቱን በከፈተ ማግስት "ነገ አስተካክለዋለሁ ጋሼ" ብሎኝ ነበር። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሻዬን የምጠጣው ከብርጭቆው ሳይሆን ከማስቀመጫው ነው። ግን አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ምን ይወጣለታል? ቢያንስ የሚወዛወዘው ፊት ለፊትሽ ነው…

ኧረ ስለ ጠረጴዛው ነው የማወራው! አንቺ ደግሞ።

ልጅሽስ እንዴት ናት? ሰባተኛ ወሯን ያዘች? እሰይ! ትናንት ደረጃውን ስትወጣ አየኋት፤ ዕቃ እንደ ጫነ መርከብ ግራና ቀኝ እያለች። በሰላም ያገላግላት። የልጅሽ ባልም ይኸው ባንኮኒው ጋ ቆሞ ብርጭቆ ይወለውላል። እኔ ከገባሁ ጀምሮ ያችኑ አንዷን ብርጭቆ ነው የሚወለውላት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አሁን የት ይገኛል? ሌላው ቢሆን ይኼኔ አሥሩን ጨርሶ ጓዳ ገብቶ ነበር። እሱ ግን አንዷን ይዞ፣ አንገቱን ወደዚህ ሰበር አድርጎ… ሰላም ነው ልጄ? ቀጥል ቀጥል፣ እኔና እናትህ የሽማግሌ ወሬ ነው የያዝነው። አንተን የሚመለከት ነገር የለበትም።

እንግዲህ ወደ መጣሁበት ልግባ። ደብዳቤውን አምጥቼዋለሁ፤ ይኸው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። "ጋሼ፣ ፍሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፒዛ ምድጃችን እሳት ፊት የቆመች ሴት ናት፤ ስንብቷ በወግ ይሁንላት፤ በጽሕፈት መኪናዎ አሳምረው ይምቱልኝ" ብለሽ ረቂቁን ከሰጠሽኝ ሦስት ቀን ሆነ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ሦስት ቀን ይፈጃል ወይ ብለሽ ታዝበሽኝ ይሆናል። ብትታዘቢኝም እውነት አለሽ። እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኮሌጁ በር ሥር ባለችው ባለ አንድ በር ሱቅ ተቀምጬ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። በአንድ ከሰዓት የአራት ተማሪ መመረቂያ እጨርስ ነበር! ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው የመኪናዬን ድምፅ እየሰማ "በረዶ መጣ" ብሎ ዕቃውን ወደ ውስጥ ያስገባ ነበር። ይህችን አንዲት ገጽ ግን… መኪናዬ እምቢ አለችኝ። ስሟ ላይ ስደርስ ቁልፎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ብለምናት፣ ዘይት ብቀባት፣ ወይ ፍንክች!

አሥር ሰዓት ላይ ነው አይደል ፍሜን ጠርተሽ የምትሰጫት? አሁን ዘጠኝ ተኩል ቢሆን ነው። በቂ ነው። እስቲ እስከዚያ ያንን የአስተያየት መዝገብ አቀብዪኝ፣ ዓይኔን ላዝናና። አመሰግናለሁ ልጄ! አየሽ ፍጥነቱን? ሳልጠራው አመጣልኝ። ምነው እጅህ ቀዘቀዘ? ሙቅ ነገር ጠጣበት።

ይህን መዝገብ ስወደው! ኮሌጁ ውስጥ ስንት ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ እንደዚህ የሚያስቀኝ አላገኘሁም። ይህን የፊዚክስ ተማሪ ስሚው፦ "የፒዛው ጠርዝ ጠንካራ ነው። ለቤተ ሙከራ አንድ ወስጃለሁ።" ከሥሩ ሌላው ይቀጥላል፦ "እኔ ደግሞ ጥርሴን ትቼ ሄጃለሁ፤ ያገኘ ይመልስልኝ።" ይህችን ልጅ እያት፦ "እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተዋወቅን፣ እዚሁ ተለያየን። የመጨረሻዋን ቁራጭ እሱ በላት። ፒዛው ግን ጥሩ ነበር።" ያ የሒሳብ መምህር፣ ኮቱን ገልብጦ የሚለብሰው፣ "ፒዛው ክብ ነው የተባለው በመረጃ አልተደገፈም" ብሎ ጽፏል። አንዱ ደግሞ "ቺዙ አነሰን" ቢል፣ ፍሜ ራሷ ከጓዳ ወጥታ ከሥሩ ምን ብላ ጻፈችለት? "ስምንት ሆናችሁ አንድ አዛችሁ፣ እንኳን ቺዙ እኔም ብቆራረጥ አልበቃችሁም።" ልጆቹ ይህን አንብበው ሦስት ቀን ሙሉ ሲስቁ ከረሙ። በሳቁ ብዛት የመስኮቱ መስታወት ተሰነጠቀ ቢሉኝ አምናለሁ።

ሁሉም በዚች በክር በታሰረች ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የሚጽፉት። ቀለሟ እምቢ ሲል ይተነፍሱባታል፣ ያራግፏታል፣ ይሰድቧታል፣ ይጽፉባታል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስንኖር ነው እንግዲህ ባለፈው ወር ቤቱ አዲስ ደንበኛ ያገኘው። ይህን ደንበኛ እንዴት እንደወደድኩት ልነግርሽ አልችልም! ትሑት ነው፣ ስሙን አይጽፍም። መጀመሪያ የመጣ ቀን "አንድ እናት" ብሎ ፈረመ። ቀጥሎ "ተቆርቋሪ ነዋሪ"። ከዚያ "የጤና ባለሙያ"። በመጨረሻ ደግሞ "ከሩቅ የመጣ እንግዳ"። አራት ሰው ናቸው ትይኛለሽ? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። እንግዲህ ፈጣሪ ሲፈቅድ የአራት ሰው የእጅ ጽሑፍ አንድ ይሆናል። አራቱም ሰማያዊዋን ንቀው አረንጓዴ እስክሪብቶ ከየቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። የኮሌጅ ከተማ ነው፣ ምን ይታወቃል? የአረንጓዴ ቀለም ማኅበር ይኖራቸው ይሆናል… ልጄ! ጆሮህ ላይ የሰካሃት እስክሪብቶ ልትወድቅ ነው። አዎ፣ እሷ። ኪስህ ክተታት፤ ዘንድሮ አረንጓዴ ተፈላጊ ሆኗል።

ደግሞ አጻጻፉ! እስቲ ጆሮሽን ስጪኝ። "የችግሩ መነሻ፦ በምድጃ ላይ የተመደበችው ሠራተኛ ዕድሜ ከዘመኑ ቴክኖሎጂ ጋር አለመጣጣም። የችግሩ ውጤት፦ የፒዛው ከመጠን በላይ ማረር። የመፍትሔ ሐሳብ፦ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ባለ ሁለት ደርብ፣ ሞዴል ቁጥሩ…" አየሽልኝ? ሰው ምሳውን በልቶ ሲወጣ የምድጃ ሞዴል ቁጥር ጽፎ ይሄዳል! እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ምግብ ቤት ስገባ ስወጣ፣ ትቼ የሄድኩት ነገር ቢኖር ባርኔጣዬን ነው።

መጨረሻው ላይ ደግሞ "በአጠቃላይ" ይላል። አራቱም "በአጠቃላይ" ይላሉ። ይህን ቃል ሳየው አንጀቴን ነው የሚበላው። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ የሥራ አመራር ተማሪ አርባ ገጽ መመረቂያ አምጥቶልኝ ነበር፤ በየአንቀጹ መጨረሻ "በአጠቃላይ"፣ በየገጹ መጨረሻ "በአጠቃላይ"። የምስጋናው ገጽ ላይ እንኳ ወላጆቹን "በአጠቃላይ" ነው ያመሰገናቸው። የመኪናዬ የ"ጠ" ቁልፍ ያኔ አልቃ ዛሬም አልዳነችም። እንዲህ ያለ ልጅ የት ደርሶ ይሆን? መቼም ትልቅ ቦታ ነው የሚሆነው። አግብቶ፣ ወግ ማዕረግ አይቶ፣ ከአማቱ ቤት ልጅ ተብሎ…

ይህን ነገር ሳላነብልሽ ደግሞ አላልፍም። አራቱም የሚዘጉት በዚህ ነው፦ "በአንጻሩ በባንኮኒው የቆመው ወጣት ሥራ አስኪያጅ ትሕትናው፣ ንጽሕናውና የፊቱ ብርሃን ለቤቱ ህልውና ዋስትና ነው።" የፊቱ ብርሃን! የጤና ባለሙያው ሳይቀር የፊቱን ብርሃን አይቷል። ልጅሽ እንኳ በሙሽርነቷ ወራት ስለ ባሏ ፊት እንዲህ ስትል አልሰማሁም። ታድሏል! አምስት ወር ባንኮኒ ጋ ቆሞ እንዲህ ከተወደደ፣ ዓመት ቢሞላው ምድጃ አያስፈልገንም፤ ፒዛውን ፊቱ ላይ እያስጠጋን ማብሰል ነው።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ይቅርታ እቴ። ጆሮዬ ሲደክም አፌ እየጮኸ መጣ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላውጋሽ። ይህ የሚያስቅ አይደለም፣ ግን ልበለው። "አንድ እናት" የጻፈችውን ታስታውሻለሽ? "ልጄ ከዚህ ቤት ያረረ ፒዛ በልቶ ሳምንት ሙሉ አልጋ ያዘ" ያለችውን? ፍሜ ማታ ማታ ሽርጧን ሳትፈታ ይህን መዝገብ እንደምታነብ ታውቂያለሽ። ያነበበች ቀን ማግስት ቤቴ መጣች። ክንዷ ላይ ዱቄት አለ፣ ዓይኗ ደም መስሏል። "ጋሼ፣ እርስዎ የሰው እጅ ጽሑፍ ያውቃሉ። ይህች እናት ማን ናት? ቤቷን ያሳዩኝ። ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ፤ ልጁም ድኖ እንደሆነ ልየው" አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? አላውቃትም አልኩ። ያኔ እውነትም አላወቅኋትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልጅ ይዛ የገባችን ሴት ሁሉ ከጓዳ እየወጣች "ይቅርታ እናቴ፣ ልጁ እንዴት ሆነልሽ?" ስትል ነው የከረመችው። አንዷ "የቱ ልጅ?" ትላታለች። አንዷ ደንግጣ የልጇን ግንባር ትዳስሳለች። ባለፈው ሐሙስማ የጎረቤት ልጅ ይዛ የገባችውን ያችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይዛ አለቀሰች፤ ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አብራት አለቀሰች፣ ልጁም ሁለቱን አይቶ ለቅሶውን ለቀቀው፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲነፋረቁ ፒዛው በእርግጥ አረረ። የመጀመሪያው እውነተኛ ያረረ ፒዛ እሱ ነው፣ ከጻፍሽ እሱን ጻፊ። ልስቅ ነበር። ሳልስቅ ቀረሁ።

"ፒዛ ስታወጣ እጇ ይንቀጠቀጣል ጋሼ፣ አርጅታለች" ብለሽኝ ነበር ረቂቁን የሰጠሽኝ ቀን። እርጅና መሰለሽ? ያረጀሁት እኔ ነኝ እቴ። እሷ ፈርታ ነው።

አይ፣ አንቺን መውቀሴ አይደለም። አንቺማ በምን ታውቂያለሽ? ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ መዝገቡን የሚያነብልሽ ልጅ አለሽ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ከቁርስ ጋር ያነብልሻል አሉ። ስንቱ ወላጅ ይህን ቢያገኝ! ወንድ ልጅ ወልዶ አሳድጎ ጋዜጣ የሚያነብለት ያጣ ስንት አለ። የሱ ድምፅ ደግሞ እንደ ሬዲዮ ነው፤ ሐዘኑ ጋ ሲደርስ ዝግ፣ የፊቱ ብርሃን ጋ ሲደርስ ደመቅ… ግን መቼም የሚያነብ ሰው አንዳንድ ነገር ይዘላል። እኔም ስመታ እዘል ነበር። ራስጌው ላይ ያለችውን ትንሽ መስመር ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል?

እስቲ መነጽርሽን አድርጊ። ትናንት አሠርተሽው የለ? ባይሆን የኔን ያዢ፣ የአፍንጫው ተሰብሮ በክር ነው ያሰርኩት። አዎ። እዚህ ጋ፣ በቀኝ በኩል ከላይ። አየሻት? ቀን። ይህን ደንበኛ ይበልጥ የወደድኩት ለዚች ነው። ተማሪዎቹ አንዳቸውም ቀን አይጽፉም። ይህ ግን የተማረ ሰው ነው፤ ቀን የሌለው ሰነድ ሰነድ አይደለም ተብሎ የተማረውን አልረሳም። እየታመመ፣ እየተቆረቆረ፣ ከሩቅ እየመጣ እንኳ ቀኑን ሳይጽፍ አይፈርምም። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ነው።

በይ ዞር በይና ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር እይ። ያለፈውን ወር ግለጪው። "አንድ እናት" ስንት ቀን ላይ ነች? ሰባት። ሰባት ምን ቀን ዋለ? ቀስ ብለሽ… "ተቆርቋሪ ነዋሪ"ስ? አሥራ አራት። የጤና ባለሙያው ሃያ አንድ። ከሩቅ የመጣው ሃያ ስምንት። ቁልቁል ውረጂ፣ በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ እኔ ሦስቱን ቀን የፈጀሁት እዚያ መስመር ላይ ነው። ከላይ ምን ተብሎ ተጽፏል? ጮክ ብለሽ አትበይው፣ ሰው ይሰማል።

ሰኞ።

ሰኞ በዚህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ እነግራለሁ? ባለቤትሽ ምድጃውን ካስገነባበት ቀን ጀምሮ እሑድ ከምሳ በኋላ እሳቱ ይጠፋል። ሰኞ ጠዋት ፍሜ ፀጉሯን በጨርቅ ትጠመጥምና እስከ ወገቧ ምድጃው ውስጥ ገብታ ጥላሸቱን ስትፍቅ፣ የተሰነጠቀውን በጭቃ ስትለስን ትውላለች። ጭቃው እስኪደርቅ ክብሪት እንኳ አይጫርም። ሰኞ ሾርባና ዳቦ ነው። በሩ ላይ አልተለጠፈም፤ ማን ይለጥፈዋል? ተማሪው ያውቀዋል፣ መምህሩ ያውቀዋል፣ ያ ጠርዝ ለቃሚው ቀዩ ውሻ ያውቀዋል። ስድስት ቀን በር ላይ ተኝቶ ሰኞ ሰኞ ወደ ሥጋ ቤቱ ይሄዳል። እንዲያው በዚህ ከተማ የማያውቅ ቢኖር፣ ሰኞ እዚህ ደርሶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው… እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ማን አለ? የልጅሽ ባል እንደሆነ ሰኞ ዕረፍቱ ነው። ይገባዋል! ስድስት ቀን ሙሉ ብርጭቆ መወልወል በወገብ ይቀልዳል?

ባልነደደ ምድጃ ፒዛ ማሳረር! አሁን ፍሜን ማባረር ነው ወይስ መሸለም? ሌላው ባለሙያ በእሳት ያሳርራል። እሷ በእርጥብ ጭቃ! የጤና ባለሙያው ሃያ አንድ ቀን ላይ ሾርባ ሳህኑ ውስጥ ያረረ ጠርዝ አገኘ፤ ከሩቅ የመጣው እንግዳ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ በጥላሸት ታፍኖ ነው የተመለሰው። አሥራ አራት ቀን ላይ እኔ ራሴ እዚሁ ነበርኩ። ፍሜ ምድጃው ውስጥ ሆና ታንጎራጉራለች፤ ድምፁ በጭስ መውጫው ሽቅብ ወጥቶ ኮሌጁ ጣሪያ ላይ ያሉት ርግቦች በሙሉ ተሰልፈው ያዳምጣሉ። ሃምሳ ርግብ ቆጥሬያለሁ። "ተቆርቋሪ ነዋሪ" የሚባል ግን በመካከላቸው አላየሁም።

ሌላም ተአምር አለ፣ እሱን ሳልነግርሽ። ሰኞ ሰኞ ሾርባዬን ይዤ ይህን መዝገብ ላነብ ስፈልገው የለም። ክሩ አለ፣ ሰማያዊዋ እስክሪብቶ እንደተንጠለጠለች አለች፤ መዝገቡ የለም። እሑድ ማታ ይወጣል፣ ማክሰኞ ጠዋት ይመለሳል። እሱም እንደ ሰው ዕረፍት ይወጣል ማለት ነው። ታዲያ ያ ደንበኛ ሰኞ የት አግኝቶ ጻፈበት? መዝገቡ ያደረበት ቤት ድረስ ሄዶ ነዋ! ለአስተያየት ሲል በሰው ቤት በር የሚያንኳኳ ደንበኛ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንግዲህ መዝገቡ እሑድ እሑድ ማን ቤት እንደሚያድር እኔ ምን አውቃለሁ። ልጅሽን ብትጠይቂያት… አይ ተይ፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ አታስጨንቂያት።

ብርጭቆዋ ወደቀች? አይዞህ ልጄ፣ ዕድሜዋ ደርሶ ነው። ከዘመኑ ጋር አልተጣጣመችም።

ስለ ደንበኛው ግን ክፉ እንዳታስቢ እቴ። እኔ ሳስበው ሰው ወዳድ ነው። ምናልባት ምድጃ የሚያስመጣ ጓደኛ አለው። ምናልባት ቁልፍ ተጭና ፒዛ የምታወጣ የአክስት ልጅ አለችው። ምናልባት ጓዳ በገባ ቁጥር "ሊጡ ገና ነው፣ አትንካው፣ ውጣልኝ" የምትል ሴት ሰልችታዋለች። ወጣት ነዋ፣ ቤቱ ሰፍቶ እንዲታየው ይፈልጋል። ፍሜ ስትወጣ ጓዳው ይሰፋል። ጓዳው ሲሰፋ ደግሞ… አምስተኛው አስተያየት ስለ ማን እንደሚሆን አስበሽ ታውቂያለሽ? እኔ ካሁኑ ልመታልሽ እችላለሁ። "የችግሩ መነሻ፦ የቤቱ ባለቤት ዕድሜና የዓይናቸው መድከም። የመፍትሔ ሐሳብ፦ እቤታቸው ዐርፈው የልጅ ልጅ ቢያሳድጉ። በአጠቃላይ…" ቀኑን እንኳ አልሳሳትም።

ጠጪ እንጂ፤ ሻይሽ ቀዘቀዘ።

እንኪ ደብዳቤውን። አሳምሬ መትቼዋለሁ፤ "ላበረከቱት የረጅም ዘመን አገልግሎት ከልብ እያመሰገንን" ይላል፣ ከታች መፈረሚያው ተሰምሯል። ስሙ ጋ ግን "ለ" ብላ መኪናዬ ቆማለች። ባዶ ነው። የፈለግሽውን ስም በእጅሽ ሙይበት። "የረጅም ዘመን" የሚለው ለአምስት ወር ሰው ትንሽ ይበዛ ይሆናል፣ እሱን መሠረዝ ቀላል ነው። እስክሪብቶ ከፈለግሽ ሰማያዊዋ እዚህ አለች… ወይም ከልጁ ኪስ አረንጓዴ መዋስ ነው።

ሰማሽ? የኮሌጁ ደወል ነው። አሥር ሰዓት ሞላ።

ይኸው ፍሜም መጣች። እይልኝ፣ ሽርጧን ቀይራለች። ፀጉሯንም አበጥራለች። ለስንብቷ በወግ ነው የመጣችው እሷም… ነይ ፍሜ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ። በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል ጠረጴዛው ይጥላል። አይዞሽ። እጅሽን ስጪኝ።

ቀስ ብለሽ ቅደጂው እቴ! ጥሩ ወረቀት ነው። አሃ፣ አራት ቦታ! ለያንዳንዱ ደንበኛ አንድ አንድ ይደርሰዋል።

ምን አልሽው? እስቲ ድገሚልኝ፣ ጆሮዬ ደክሟል አልኩሽ እኮ። ከሰኞ ጀምሮ? ዕረፍቱ ቀርቶ? ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ እስከ ወገቡ ገብቶ፣ ጥላሸቱን ከፍሜ ጋር ሊፍቅ? ኧረ ተይ፣ የፊቱ ብርሃን! … ይሁን እንግዲህ። ባይሆን ምድጃው ውስጥ መብራት አይፈልጉም።

ፍሜ፣ አንቺ ደግሞ አታልቅሺ። ያችን እናት አግኝተናታል። አዎ፣ አገኘናት፤ ከእንግዲህ ማንንም ይቅርታ አትጠይቂ። ልጁ? ልጁ ደህና ነው። ምንም አልነካውም። እንዲያውም… ገና አልተወለደም።

በሉ እኔ ልሂድ፣ ጉልበቴ ሳይጮህብኝ። ልጄ፣ ስባሪውን ተወውና ጠጋ በል፤ ሳልመርቅህ ብወጣ ቅር ይለኛል። ምራቅ የዋጠ ሽማግሌ ምርቃት እኮ ጠብ አይልም። ዕድሜህን ያርዝመው፣ ሽበት ያልብስህ። ቤትህ ይሙላ፣ ደጅህ ይድመቅ። ሚስትህን በሰላም ያገላግላት፤ ሴት ትሁንልህ። አንድ ብቻም አትሁን፣ አራት ይስጥህ። እንደ እናታቸው ቆንጆ፣ እንደ አያታቸው ሰው አማኝ ይሁኑ። አድገው፣ ተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃቸው። ያኔ አንተም ዓይንህ ደክሞ፣ የሚያነብልህ ሰው ስትፈልግ…

ለአራቱም፣ አንዷንም ሳያጎድል፣ ልክ እንደ አንተ ያለ ባል ይስጥልህ።

ምነው? አሜን አይባልም እንዴ?